አተላው የት ሄደ? የጃማይካ ራም እንዴት ይሠራል

የአጎቴ ልጅ ከሜሪላንድ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ሁለት ጠርሙስ ይዞ ነበር፤ አንዱ እንደ ውሃ የጠራ፣ ሌላው ቡናማ። ዘንድሮ ዕረፍቱን ያሳለፈው ጃማይካ ነው። ጠርሙሶቹን ማዕድ ቤት ጠረጴዛችን ላይ አቆማቸውና "ሎሚ አላችሁ?" አለ። አልነበረንም። "መጣሁ!" ብሎ ወጣ።

እኔና እትዬ ቀረን። እትዬ ጎረቤታችን ናቸው፤ አረቄ እያወጡ አምስት ልጆች አሳድገዋል። ሥራውን ከተውት ቆይተዋል፤ አፍንጫቸው ግን አልተወውም። የነጩን ክዳን ፈተው አሸተቱ፤ አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ ራቅ አድርገው።

"ሙዝ" አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ "ያውም ያለፈበት ሙዝ። ጨምረውበት ነው?"

አልጨመሩበትም። ሙዝ የለበትም፣ አናናስ የለበትም፣ ምንም ዓይነት ፍራፍሬ አልገባበትም። ሙዙ ከየት እንደመጣ ለመናገር የራምን አሠራር ከሥር መጀመር ያስፈልጋል። ደግነቱ እትዬ ሙያውን ስለሚያውቁት ግማሹን ሳልነግራቸው ይጨርሱልኛል።

የራም መነሻው የስኳር ትርፍራፊ ነው። ሸንኮራ አገዳ ተጨምቆ ጭማቂው ሲፈላ ይወፍራል፤ ሲወፍር ስኳሩ ጠጥሮ ፍሬ ይሠራል። ፍሬው በሚሽከረከር ወንፊት ተለይቶ ይወጣና ከሥር ጥቁር፣ ዝልግልግ፣ መረር ያለ ፈሳሽ ይቀራል። ሞላሰስ የሚባለው እሱ ነው። ግማሽ ያህሉ አሁንም ስኳር ነው፤ ግን ቢያፈሉት ቢያፈሉት ከእንግዲህ ፍሬ አይሠራም። የእኛም ስኳር ፋብሪካዎች፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1954ቱ የወንጂ ፋብሪካ ጀምሮ፣ ይህንኑ ነገር ያስቀራሉ፤ ለከብት መኖ ይሆናል፣ ፊንጫና መተሐራ ደግሞ ኤታኖል ወጥቶበታል። በ17ኛው መቶ ዘመን ባርቤዶስና ጃማይካ ላይ የነበሩ የእርሻ ባለቤቶችም ሞላሰሱን የሚያደርጉትን አጥተው ነበር። ውሃ ሲነካው በሞቃቱ አየር ራሱ ይፈላል። የፈላውን ማውጣት ከዚያ በኋላ ሩቅ አይደለም።

አገዳውን የቆረጡት፣ የጨመቁት፣ በእሳቱ ዳር ሌሊቱን ያደሩት ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ነበሩ። ነፃነታቸውን ያገኙት ባርነትን የሻረው ሕግ በወጣ ጊዜ እንኳ አይደለም፤ "ለማጅ" እየተባሉ ለዚያው ጌታ ከሠሩ በኋላ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1838 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ጃማይካ ዛሬም ያን ቀን ሥራ ዘግታ ታከብረዋለች። ደሴቲቱ ላይ በሚቀርብ ማዕድ ብዙው ነገር የተረፈ፣ የተጣለ፣ ለባሪያ የተተወ ነበር። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ጠርሙሱን እንደገና ዞር አድርገው አዩት።

"ጥንስሱን ንገረኝ" አሉ።

ሞላሰሱ በውሃ ይቀጥናል፤ ከዚያ እርሾ።

"ጌሾስ?" የለውም። "ብቅልስ?" እሱም የለውም። ብቅል ለአረቄ የሚያስፈልገው እህል ራሱ ስኳር ስላልሆነ ነው፤ የበቀለው ገብስ የእህሉን ዱቄት ሰባብሮ ወደ ስኳር ይቀይረዋል፣ እርሾውም የሚበላው ያገኛል። ሞላሰስ ግን ስኳርነቱን ይዞ ነው የመጣው። ጌሾው ደግሞ ከመራራነቱ ሌላ ድፍድፉን የሚያበላሹ ተሐዋስያንን ገታ ያደርጋል። ጃማይካኖቹ፣ ቢያንስ የጥንቱን ሙያ የያዙት፣ እንዲገቱ አይፈልጉም። እንዲያውም ይጋብዟቸዋል።

ቀላል ራም ሲፈለግ ፍላቱ በአንድ ሁለት ቀን ያልቃል። ትሬላውኒ በሚባለው አውራጃ ከ1753 ጀምሮ ባለው የሀምፕደን እርሻ ግን የተገዛ እርሾ አይጨምሩም። ድፍድፉ በትልልቅ የእንጨት በርሜሎች ተገልጦ ይቀመጣል፤ ከአየሩም ከእንጨቱም የሚገባው እርሾ ሥራውን ይሠራል፣ ሳምንት አልፎ ወደ ሁለት ሳምንት ይጠጋል። እርሾው ስኳሩን አልኮል አድርጎ ሲደክም ተሐዋስያኑ ይረከቡና ያኮመጥጡታል። እትዬ እዚህ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዲህ የቆየ ድፍድፍ እርሳቸው ዘንድ ኪሳራ ነው።

"አተላውን ምን ያደርጉታል?"

ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። እትዬ አረቄው ከወጣ በኋላ ማሰሮው ውስጥ የሚቀረውን አተላ ለላም ይሸጡ ነበር። ጃማይካኖች አተላውን ደንደር ይሉታል፣ አይደፉትም፣ ለላምም አይሰጡትም፤ አስቀምጠው እንዲኮመጥጥ ይተዉትና በሚቀጥለው ጥንስስ ላይ ይመልሱታል። እንጀራ ጋጋሪ ከቡሆዋ እርሾ እንደምታስቀር በሉት። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ከዚህ ያልፋል፤ የደንደሩ ዝቃጭ ከአገዳ ተረፈ ምርት ጋር የሚብላላበት ጉድጓድ አለው። ሽታው የከብት በረትን ያስመሰግናል ይባላል። ከጉድጓዱ እየተጨለፈ ድፍድፉ ላይ ይጨመራል።

እትዬ ጠርሙሱን ከፊታቸው ትንሽ ገፋ አደረጉት።

አሁን ወደ ሙዙ እንመለስ። ገበያ ላይ ለጋ ቅቤና በሳል ቅቤ ዓይንን ጨፍኖ የሚለየው በሽታው ነው። የበሳሉን ቅቤ ጠንካራ ሽታ የሚሰጠው አንድ አሲድ አለ፤ ቡቲሪክ ይባላል፣ ስሙም የመጣው ከቅቤ ነው። ያ የተብላላ ጉድጓድ የሚያመርተው በአብዛኛው ይህንንና ዘመዶቹን ነው። ለብቻው ሲሸት ያጥወለውላል። ነገር ግን አሲድ ከአልኮል ጋር ሲገናኝና ጊዜና ሙቀት ሲያገኝ፣ ሁለቱ ተያይዘው ሌላ ነገር ይሆናሉ፤ ኤስተር ይባላል። የበሳል ቅቤው አሲድ ከአልኮሉ ጋር ሲጣመር የሚወጣው ሽታ አናናስ ነው። የኮምጣጤው አሲድ ደግሞ እርሾው በጎን ከሚሠራቸው የአልኮል ዓይነቶች ከአንዱ ጋር ሲጣመር ሙዝ ይሆናል። ሙዝ እንዲመስል ተደርጎ አይደለም፤ ሙዝ ራሱ የሚሸተው በዚያው ውሁድ ነው። እትዬ ያሸተቱት እውነተኛ የሙዝ ሽታ ነው፣ ሙዙ ብቻ ነው የሌለው።

ራም ሠሪዎቹ ይህን ይመዝኑታል። በ100 ሊትር ንጹሕ አልኮል ውስጥ ስንት ግራም ኤስተር አለ ብለው ለእያንዳንዱ ዓይነት በፊደላት ምልክት ይሰጡታል። ከፍተኛው 1600 ግራም ይደርሳል። እሱን ማንም በብርጭቆ እንዲጠጣው አልተሠራም፤ ጀርመኖች ድሮ እየገዙ ጥቂቱን ምንም ጣዕም በሌለው አልኮል ላይ ጠብ አድርገው በርካሽ ብዙ "ራም" ያወጡበት ነበር። ልክ በርበሬን ወጥ ላይ እንጂ በማንኪያ እንደማንበላው።

ስለ ማውጣቱ ብዙ ማለት አላስፈለገኝም። አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል፣ ውሃ በ100፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የሚነሣው እንፋሎት አልኮሉን አብዝቶ ይይዛል። ማሰሮው ይጣዳል፣ ክዳኑ በጭቃ ይመረጋል፣ መቃው ይገባል፣ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያለው ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ ይቀመጣል። እትዬ ሥዕሉን ያለ እኔ ጨረሱት። ልዩነቱ አንድ ቦታ ላይ ነው። እርሳቸው ተራ አረቄውን መልሰው ሲያወጡት ዳግም ይሆናል፤ ለዚህ ሁለት ጊዜ ማገዶ ያነዳሉ። የጃማይካው የመዳብ ጋን ግን በመንገዱ ላይ ሁለት ትንንሽ ጋኖች አሉት፣ ከቀድሞው ዙር የተገኘ አልኮል ይዘዋል፣ አንዱ ደካማውን፣ ሌላው ጠንከር ያለውን። ከትልቁ ጋን የመጣው ትኩስ እንፋሎት በመጀመሪያው ውስጥ ሲንቦቀቦቅ እዚያ ያለውን ያፈላዋል፤ ከዚያ የተነሣው ሁለተኛውን ያፈላል። በአንድ እሳት ሦስት ጊዜ ወጣ ማለት ነው። ከመጨረሻው የሚንጠባጠበው ከ80 በመቶ በላይ አልኮል ነው።

"የማገዶው ነገር ይገርማል" አሉ እትዬ። ከጉድጓዱ ይልቅ ያስቀናቸው ይሄ ነው።

መጀመሪያ የሚወርደው የሚሰነፍጥ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው እርጥብ ጨርቅ የሚሸት ስለሆነ ሁለቱም ይለያሉ፤ መካከሉ ይወሰዳል። ሌላም ማውጫ አለ፣ እንደ ፎቅ የተደራረበ ረጅም ማማ፤ ፈጣንና ርካሽ ነው፣ የሚሰጠውም ጣዕሙ የሳሳ ራም ነው። አብዛኛው የገበያ ራም ከዚያ የሚመጣ ወይም ከዚያ ጋር የተቀላቀለ ነው።

ነጩ ጠርሙስ ላይ 63 በመቶ ይላል። ሬይ ኤንድ ኔፊው የሚባለው፣ የድርጅቱ ዕድሜ ከ1825 የሚቆጠር፣ ጃማይካ ውስጥ የማይገባበት ቤት የሌለ ራም ነው። እንዲህ ያለውን "ከፈተና በላይ" ይሉታል፤ ፈተናው የባሩድ ነበር። በድሮው ልማድ ባሩድ ላይ ራም ያፈሱና እሳት ይለኩሱበታል፤ ከተቀጣጠለ ራሙ ውሃ አልገባበትም። ባሩዱ የሚቀጣጠልበት ድንበር በእንግሊዞች መለኪያ 57 በመቶ አካባቢ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለመርከበኞቹ በየቀኑ ራም ሲያድል ኖሮ ያቆመው ሐምሌ 31 ቀን 1970 በፈረንጆቹ ነው፤ መርከብ መንዳት ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ በኋላ ማለት ነው፣ ዘገዩ ብል አልሳሳትም።

ጃማይካ ውስጥ ነጩን ራም የሚጠጡት ብቻ አይደለም። ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር ይታሽበታል፣ ጉንፋን ይባረርበታል፣ አዲስ ጠርሙስ ሲከፈት ቀድመው ላለፉት መሬት ላይ ጠብ የሚያደርጉም አሉ። ሲጠጣ ብዙ ጊዜ ቲንግ ከሚባለው መረር ያለ የግሬፕፍሩት ለስላሳ ጋር ነው። እዚህ ላይ ዕረፍት የሚሄድ ሰው ሒሳብ ይሥራ፦ አንድ እጅ ራም በሦስት እጅ ቲንግ ቢቀላቀል 16 በመቶ ገደማ ይሆናል፣ ከወይን ጠጅ ይበልጣል። ስኳሩና በረዶው አፍን ያታልላሉ። አልኮል ደግሞ ኩላሊት ውሃ እንዲይዝ የሚያዘውን መልእክት ያፍናል፤ በዚያ ፀሐይ የላበ ሰው በሁለት በኩል ይደርቃል። በየመካከሉ ውሃ መጠጣት የፈሪ ምክር አይደለም። ለፓንች ደግሞ በካሪቢያን የታወቀ ስፍር አለ፦ 1 እጅ ሎሚ፣ 2 እጅ የተበጠበጠ ስኳር፣ 3 እጅ ራም፣ 4 እጅ ውሃ ወይም ጭማቂ። ላዩ ላይ ገውዝ ይፈቀፈቅበታል። ለገና የሚጠጣው ሶረል የሚሉት ቀይ መጠጥ ምን ሆኖ እንደተገኘ ብትሰሙ፤ ከርከዴ ነው። ዝንጅብል ጨምረው ያሳድሩታል፣ ከዚያ ራም።

ስለ ሎሚው ካነሣሁ፣ የአጎቴ ልጅ አልተመለሰም።

ቡናማውን ከፈትን። አፕልተን ነው፣ 12 ዓመት የተቀመጠ። እዚህም ትርፍራፊ አለ፤ በርሜሉ። የአሜሪካ ሕግ ቡርበን የሚባለው ውስኪ አዲስ በሆነ፣ ውስጡ በእሳት በተለበለበ የኦክ ዕቃ እንዲቀመጥ ያዛል። አንዴ ከተጠቀሙበት በኋላ ለቡርበን አይመለስም፤ በርካሽ ይሸጣል፣ ጃማይካም ትገዛለች። ራሙ ነጭ ሆኖ ይገባና ከእንጨቱ ቀለም፣ ቫኒላ የሚመስል ጣዕምና ትንሽ ምሬት ይዞ ይወጣል። በርሜሉ ግን ይተነፍሳል። በስኮትላንድ ብርድ በዓመት 2 በመቶ ያህል ይተናል፤ በጃማይካ ሙቀት 6 በመቶ ገደማ። የሚተነውን የመላእክት ድርሻ ይሉታል።

"መላእክት ይጠጣሉ እንዴ?" አሉ እትዬ፤ ብርጭቆውን ግን አልመለሱም።

ጠጥተዋልሳ። በዓመት 6 በመቶ ከሆነ፣ ከገባው 100 ሊትር ከ12 ዓመት በኋላ የሚቀረው 48 ገደማ ነው። ጠርሙሱ ውድ የሆነው ለዚህ ነው፤ የጠጣነውን ብቻ ሳይሆን የተነነውንም ከፍለናል። ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ደግሞ በውስጡ ካሉት ሁሉ የመጨረሻው ልጅ ዕድሜ ነው፤ ሌሎቹ ከዚያ ይበልጣሉ። የትኛውን በርሜል ከየትኛው ጋር እንደሚያዋህዱ የሚወስን ባለሙያ አለ፤ አፕልተን ዘንድ በ1997 ይህን ሥራ የያዘችው ጆይ ስፔንስ ናት፣ በዓለም ላይ ያንን ማዕረግ የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት። የተማረችው ኬሚስትሪ ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ፣ "ሴት መሆኗ ምኑ ይገርማል? አረቄ የሚያወጣ ወንድ አይተህ ታውቃለህ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የአጎቴ ልጅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ስለነበር፣ ቀደም ብሎ የከፈተውን የምግብ ፎቶ ስናይ ቆየን። አንዱ ሳህን ላይ የተመታ እንቁላል የሚመስል ቢጫ ነገር አለ። አኪ ይባላል፣ ዛፍ ላይ የሚበቅል ፍሬ ነው፣ ከምዕራብ አፍሪካ የሄደ። ቀይ ቅርፊቱ ዛፉ ላይ ራሱ ሳይከፈት ከተቆረጠ መርዝ ነው፤ የደም ስኳርን ክፉኛ የሚያወርድ ንጥረ ነገር አለበት፣ ሰው ገድሏል። ሲበስል ቅርፊቱ በራሱ ይከፈታል፣ መርዙም ይቀንሳል፤ ያኔ ዘሩንና ቀይ ክሩን አውጥቶ መቀቀል ነው። አብሮት ያለው በጨው የደረቀ ኮድ ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ ከሰሜን አትላንቲክ ይመጣ የነበረው ለባሪያዎች ቀለብ ነው፤ ጥሩ ጥሩው ወደ አውሮፓ ሄዶ የቀረው ወደ ካሪቢያን ይላክ ነበር። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አድሮ ጨዉ ሲወጣለት ከአኪው ጋር ይጠበሳል። ዛሬ የአገሪቱ ብሔራዊ ምግብ ነው።

ሌላው ፎቶ ጀርክ ነው፣ በዝግታ በጭስ የሚበስል የአሳማ ወይም የዶሮ ሥጋ። ስሙን ያስጠራው ሠፈር ፖርትላንድ ውስጥ ቦስተን ቤይ ነው። ሙያው ግን ከእርሻ አምልጠው ወደ ተራራ ከገቡት ከማሩኖች ጋር ይያያዛል፤ እንግሊዝ አልችላቸው ብላ በ1739 ውል የተዋዋለቻቸው ናቸው። እንጨቱ ፒሜንቶ ነው። የዚያው ዛፍ ፍሬ ቅመም ሆኖ ሥጋው ላይ ይታሻል፤ ሽታው ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ገውዝ በአንድ ላይ ነው። ቅርንፉድ የመሰለው በከንቱ አይደለም፣ ሁለቱም ውስጥ ያለው ዘይት አንድ ነው። ቃሪያው ስኮች ቦኔት ይባላል፣ ትንሽ፣ ቆብ የመሰለ፣ ሚጥሚጣ የለመደን ሰው ሊያስለቅስ የሚችል። ሲያቃጥል ወደ ውሃ አትሩጡ፤ የሚያቃጥለው ነገር በውሃ አይሟሟም፣ በቅባት እንጂ። ክትፎ ከአይብ ጋር የሚቀርበው ለማሳመር ብቻ አይመስለኝም። እነሱ ዘንድ የአይቡን ቦታ የሚይዘው በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝና ቦሎቄ ነው።

አንዱን ፎቶ የአጎቴ ልጅ ራሱ ነው ያስረዳን፣ ከመውጣቱ በፊት። ረጅም ጥምጥም ፀጉር ያላቸው ሽማግሌ አቅፈውታል። ኢትዮጵያዊ መሆኑን ሲሰሙ እንደ ዘመድ ተቀበሉት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1966፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ኪንግስተን የገቡበትን ቀን ራስታዎች ዛሬም ያከብሩታል። ራም ሊጋብዛቸው ሲል ግን ሳቁበት። አብዛኞቹ ራስታዎች አልኮል አይጠጡም፤ አይታል የሚሉት ምግባቸው ሥጋ የለው፣ ብዙዎቹ ጨውም አይጨምሩ። በኢትዮጵያ ፍቅር የሚነድደው የጃማይካ ሰው ጾመኛ ሆኖ፣ ኢትዮጵያዊው እንግዳ ራም ይዞ ቆመ።

የራም ቤቱ ነገር ቀላል ነው። አንድ ክፍል፣ በቀለም ያሸበረቀ፣ ጥቂት ወንበር፣ ደጅ ላይ ዶሚኖ። ሲገቡ መጀመሪያ ሰላም ማለት ግዴታ ነው፤ ዝም ብሎ ገብቶ ማዘዝ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ዶሚኖው አይቀመጥም፣ ይመታል፤ ጠረጴዛው እስኪጮህ። ሰው ሲሞትም በዘጠነኛው ሌሊት ይሰበሰባሉ፣ ራም አለ፣ ምግብ አለ፣ ዘፈን አለ፣ ዶሚኖ አለ። እትዬ ለቅሶ ቤት ካርታ ሲጫወቱ የሚያድሩትን ጎረምሶች አስታወሷቸው።

ጎብኚዎችን የሚያናድድ አንድ አባባል አላቸው፦ "ሱን ከም"። ቃሉን በቃሉ "ቶሎ እመጣለሁ" ነው። አስተናጋጁ ይለዋል፣ የታክሲ ሾፌሩ ይለዋል፣ ቧንቧ ሠሪው ብሎት ሄዷል። ሰዓት የሚነግር አይደለም፤ "አልረሳሁህም፣ ግንኙነታችን አልተቋረጠም" ማለት ነው። የፈረንጅ መጽሔቶች የደሴት ዘና ማለት እያሉ ብዙ ይጽፉበታል። እኛ ግን አይገርመንም፤ እኛ እኮ ከበሩ ሳንወጣ "መጣሁ" እንላለን፣ ያውም በኃላፊ ጊዜ፣ ሄደን የተመለስን ያህል።

እትዬ ሰዓቱን አዩ። አንድ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ሎሚ የሚሸጠው ሱቅ ከቤታችን ሦስት በር ነው። ነጩን በውሃ አቀጠኑት፣ ቀመሱት፣ ምላሳቸውን አንቀሳቀሱ።

"ጉድጓዱን ባትነግረኝ ኖሮ" አሉና ሌላ ጠብታ ጨመሩ።